እትዬ ሙጫ እና ቢጫው መጽሐፍ

በአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት የሠራች መጽሐፍ ጠራዥ ነበረች። ክፍሏ ከደረጃው ሥር ናት። ያለቻት አንዲት መስኮት ከእግረኛው መንገድ እኩል ስለሆነች፣ ጠራዧ ቀኑን ሙሉ በመስኮት የምታየው የሰው ጫማ ነው። ዝናብ መጣሉን፣ ትምህርት ቤት መለቀቁን፣ በር ጠባቂው ማርፈዱን ሁሉ ከጫማ ታነባለች።

ስሟን የሚጠራው ሰው ጥቂት ነው። ለሠራተኛው ሁሉ «እትዬ ሙጫ» ናት። ይህን ስም ያወጣላት ያው በር ጠባቂ ነው። አንድ ቀን ጣቷ ላይ የደረቀውን ሙጫ እንደ ብርቱካን ልጣጭ እየላጠች በበሩ ስታልፍ አይቷት፣ «እትዬ፣ አንቺን የጨበጠ ሰው እንግዲህ እስከ ልጅ ልጅ መላቀቅ የለም!» አላት። ቀልዱን ሰው ሁሉ ረሳው፤ ስሙ ግን ተጣብቆ ቀረ።

የታመመ መጽሐፍ ከላይ በካርቶን ይወርድላታል። ያረጀውን ስፌት በምላጭ ትፈታለች፣ የላላውን ወረቀት ታቃናለች፣ በወስፌ ትበሳለች፣ በሰም የታሸ ክር ታስገባለች፣ ጀርባውን ሙጫ ቀብታ በመጭመቂያው ታስረዋለች። በማግስቱ መጽሐፉ ድኖ ወደ ላይ ይወጣል። በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት የቆየ ሰው አንድ ነገር ይማራል፤ መጽሐፍ የት የት ላይ እንደተነበበ ጀርባው ይናገራል። ያልተነበበው ክፍል እንደ አዲስ ሸሚዝ ደርቆ ይቆማል። ሰው ደጋግሞ የከፈተው ቦታ ግን ይሰበራል፤ መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ ብትጥለው ራሱ እዚያው ገጽ ላይ ይከፈታል።

ከሁሉም መጻሕፍት በብዛት ታሞ የሚወርደው «ቢጫው» ነበር። ቤተ መጻሕፍቱ አምስት ቅጂ አለው፤ አምስቱም ቢጫ ሽፋን ስላላቸው አንባቢም ሠራተኛም በርዕሱ አይጠራውም። የቆየ ልብ ወለድ ነው። አያት ያነበበውን አባት አንብቦታል፤ አባት ያነበበውን ልጅ ትምህርት ቤት ያዙታል። ታሪኩ የአንድ ድሃ ቤተሰብ ነው። አባትየው ተሸካሚ ነበር፣ ይታመማል። እናትየው የሰው ልብስ ታጥባለች። አንዲት ትምህርት የምትወድ ልጅ አለች፣ ከሥሯ ታናሽ ወንድም አላት። ቤቱ ሁለቱንም ማስተማር ሲያቅተው እናትየው ልጅቷን ታስቀራለች። ከዚያ በኋላ መጽሐፉ ልጅቷ እንዴት እንዳደገች ይተርካል።

አንባቢዎቹ ይህን መጽሐፍ ዝም ብለው አይመልሱትም። በኅዳጉ ላይ በእርሳስ ይጽፉበታል። አንዱ «አባትየው ሰነፍ ነው» ብሎ ይጽፋል። ከሥሩ ሌላ እጅ፣ በንዴት እርሳሱን ተጭኖ፣ «ታሞ ነው! ገጽ 31ን በደንብ አንብብ!» ይላል። ሦስተኛው መጥቶ «ሰነፍም ሲታመም ያመዋል» ብሎ ያስታርቃቸዋል። አንድ የልጅ እጅ «እኔም ጫማ የለኝም ግን አላለቅስም» ብሏል። አንዷ ደግሞ ልጅቷ የመጀመሪያ ደሞዟን ለእናቷ የሰጠችበት ቦታ ላይ «አትስጫት!!!» ብላ በሦስት ቃለ አጋኖ ጮኻለች። ያ ሁሉ ግን ከገጽ መቶ አሥራ ሁለት ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም። እዚያ ኅዳጉ ጠቁሯል። «ይህች እናት አይደለችም።» «እናት ናት፣ ምን ታድርግ?» «እኔ ብሆን ሁለቱንም አስተምር ነበር።» «በምን?» «እኔም እናቴን ይቅር አላልኳትም።» «እኔ ብያታለሁ፤ ቀለለኝ።» ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንደሚባለው፣ ወረቀቱ ራሱ በአንዳንድ ቦታ ረጥቦ የደረቀ መሆኑ በጣት ይታወቃል።

የቤተ መጻሕፍቱ ደንብ ግልጽ ነው፤ ለጥገና የመጣ መጽሐፍ በእርሳስ የተጻፈበት ይጠፋለታል። ጠራዧም ላጲሷን ይዛ ታጠፋለች። መጀመሪያ ዓመታት ላይ ዝም ብላ ታጠፋ ነበር። በኋላ ግን ሆዷ አልችል አለ። ያ «ቀለለኝ» ያለው ሰው ማን እንደሆነ አታውቀውም፤ የቀለለውን ነገር እንደ ፍርፋሪ በእጇ ጠርጋ ቅርጫት ውስጥ መጣል ግን ነውር ነገር መሰላት። ስለዚህ አንድ ወፍራም ደብተር ገዛች። ማጥፋቱን ታጠፋለች፤ ከማጥፋቷ በፊት ግን ገጹንና ቃሉን ደብተሯ ላይ ትገለብጣለች። ደንብም አልተጣሰ፣ ሰውም አልተጣለ።

የሚገርመው፣ ይህን መጽሐፍ ከአርባ ጊዜ በላይ ፈታ የሰፋችው ሴት ከዳር እስከ ዳር አንብባው አታውቅም ነበር። ሌላውን ገጽ እየቆረሰች ታነባለች። ገጽ መቶ አሥራ ሁለት ሲደርስ ግን ዓይኗን ወደ ክሩ ትመልሳለች። ኅዳጉን ታነባለች፣ መሃሉን አታነብም።

ምክንያት ነበራት። እሷም የድሃ ቤት ልጅ ናት። አባታቸው በልጅነታቸው ሞቷል፤ እናታቸው የሆቴል አንሶላ አጣቢ ነበረች። ሁለት እህትማማቾች ነበሩ። ታላቅየዋ አሥራ ሦስት፣ ታናሽየዋ ዘጠኝ ሲሆናቸው እናታቸውን ወገቧን አመማትና ሥራዋን ቀነሰች። የዚያን ዓመት ትምህርት ሲከፈት ታናሽየዋ ደብተሯን ይዛ ወጣች፤ ታላቅየዋ አንዲት ልብስ ሰፊ ዘንድ ገባች። ለምን እንዲህ እንደሆነ ለታናሽየዋ የነገራት የለም፤ እሷም አልጠየቀችም። ሆድ ይፍጀው ተባለና በዚያው ተዘጋ። ታናሽየዋ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በልቧ አንድ ነገር ስትል ኖረች፤ እህቴ ትምህርቷን ሰጠችኝ። ትምህርቱም ሩቅ አላደረሳትም። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ማተሚያ ቤት ጥረዛ ክፍል ገባች፤ ከዚያም ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት። «ያ ሁሉ መስዋዕትነት» ትል ነበር ለራሷ፣ «በእኔ እጅ ሙጫ ሆነ።» በቢጫው መጽሐፍ ውስጥ ሰው ሁሉ ለልጅቷ ያለቅሳል። ጠራዧ ግን ልጅቷ አይደለችም፤ ጠራዧ ወንድምየው ናት። ለወንድምየው ደግሞ የጻፈ ሰው በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ አላጋጠማትም።

ይህ ታሪክ ሲጀምር ጠራዧ ሃምሳ ሰባት ዓመቷ ነበር። እህቷ ባሏ ሞቶባት፣ ሁለቱ አንድ ላይ በሁለት ክፍል ቤት ይኖሩ ነበር። ታላቅየዋ እስከ ጡረታዋ በስፌት ኖራለች፤ በሰፈሩ ውስጥ እሷ ያልሰፋችለት ሙሽራ ወይ ተማሪ የለም ማለት ይቻላል። በዚያ ዓመት ግን ሁለቱም ዓይኗ ላይ ሞራ ወጣ። ሐኪሙ ተራ ያዢ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ይገፈፋል አላት። የስፌት መኪናዋ በመስኮቱ ሥር ጨርቅ ለብሳ ተቀመጠች። ያች ዝም ብላ መቀመጥ የማታውቅ ሴትዮ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ስትውል ቤቱ ሁሉ የታመመ መሰለ።

በሦስተኛው ሳምንት ትዕግሥቷ አለቀ።

«ሚጣዬ» አለቻት፤ ታላቅየዋ እህቷን የምትጠራት እስከ ዛሬ በዚህ ስም ነው። «የምትሠሪው መጽሐፍ ቤት አይደለም እንዴ? ሰው ጥርስ ሐኪም ቤት እየሠራ ወንድሙ በጥርስ ሕመም ይሞታል? አንድ ነገር አምጪና አንብቢልኝ።»

«ምን ላምጣልሽ እታለም?»

«ያንን ሰው ሁሉ የሚያለቅስበትን። ቢጫውን።»

«እሱ ያሳዝናል እኮ።»

«እኔስ አሁን ምን የሚያስቅ ነገር አለኝ?»

አመጣችላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሥራ ስትመለስ፣ ጀንበሯ ገና መስኮቱ ላይ እያለች፣ ሻይ ይቀርባል፣ ጠራዧ ወንበሯን ታስጠጋለች፣ ሃያ ሃያ ገጽ ታነባለች።

እህቷ እንደ ሌላው አንባቢ አልነበረችም። ሰው የሚያለቅስበት ቦታ ላይ ትስቃለች፤ ሰው ዝም ብሎ የሚያልፈው ቦታ ላይ ትቆጣለች። እናትየው ስታጥብ የሚተርከው ምዕራፍ ላይ ገና ሁለት አንቀጽ ሳይሄዱ፣ «ይሄ ጸሐፊ በዕድሜው ካልሲ አጥቦ አያውቅም» አለች።

«እንዴት?»

«ነጩን ከቀለሙ ጋር አንድ ላይ ዘፈዘፋቸው እኮ! ይህች ሴት በማግስቱ ደንበኛ አይኖራትም። ቀጥይ፣ ቀጥይ። ድህነቱን ሳይሆን እጥበቱን ነው ያላወቀው።»

አባትየው አልጋ ላይ ሆኖ «ነገ እነሳለሁ» እያለ ሲምል፣ አንባቢው ሁሉ ወይ የሚሰድበው ወይ የሚያዝንለት ቦታ ላይ፣ እሷ ከትከት ብላ ሳቀች። «ባሌን ቁርጥ! ታሞ እንኳ ቀጠሮ ይሰጥ ነበር።» ከዚያ ሳቋ ቀስ ብሎ ቆመና ሻይዋን ፈልጋ በእጇ ዳበሰች። ጠራዧ ብርጭቆውን አስጠጋችላትና ማንበቧን ቀጠለች።

እንዲህ እያሉ ገጽ መቶ አሥራ አንድ ደረሱ። ጠራዧ ቀኑን ሙሉ ስታስብበት ውላለች። ልጅቷ ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆማ የነገውን ፈተና ስታስብ ምዕራፉ ያልቃል። ጠራዧ ወረቀቱን ገለጠችና ድምጿን ሳትለውጥ ከገጽ መቶ አሥራ ዘጠኝ ቀጠለች፤ ልጅቷ የሰው ቤት ወለል እየወለወለች ነው።

«ቆይ» አለች እህቷ። «አሁን ልጅቷን የተውናት የት ነበር?»

«ትምህርት ቤት ደጅ።»

«ታዲያ የሰው ወለል ላይ ምን ጣላት? መንገድ ስታ ነው?»

«መጽሐፍ እንዲህ ነው እታለም። አንዳንዴ ይዘላል።»

«መጽሐፉ ነው የዘለለው፣ አንቺ ነሽ?»

«ገጹ... ወልቆ ጠፍቷል መሰለኝ።»

«ጠፍቷል!» እህቷ ወደ ድምጿ ዞረች። «ሃያ ስድስት ዓመት መጽሐፍ ስትሰፊ ኖረሽ የጎደለ መጽሐፍ ነው ቤቴ ይዘሽ የመጣሽው? ስሚኝ፤ ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ ሞራ አላወጣም። መርፌ ሥር ስንት ድርብ ጨርቅ እንዳለ በድምፅ ለይቼ የኖርኩ ሰው ነኝ። ብዙ ወረቀት አንድ ላይ ነው የገለጥሽው። መልሺው።»

ሌላ ማምለጫ አልነበረም። ጠራዧ ወረቀቱን መለሰችና በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ገጽ መቶ አሥራ ሁለትን አነበበች። ጩኸት የለውም። እናትየው የሁለቱንም ልጆች ዩኒፎርም አጥባ ገመድ ላይ ታሰጣለች። ጠዋት ልጅቷ ስትነሳ እናትየው የተኮሰችው የወንድሟን ብቻ ነው። የእሷ ገመዱ ላይ ደርቆ እንደተጨማደደ ቀርቷል። ልጅቷ አንድ ጊዜ ገመዱን፣ አንድ ጊዜ እናቷን አይታ ማሰሮዎቹን ማጠብ ትጀምራለች። ሌላ ምንም አይባልም። ከዚያ እስከ መቶ አሥራ ስምንት ድረስ የቤቱ ዝምታ ነው።

ጠራዧ ስትጨርስ ድምጿ ተሰብሮ ነበር።

«ጥሩ አድርጎ ጽፎታል» አለች እህቷ። «ተኩሱን ያውቃል። ግን ያ ወንድምየው ምን አለ?»

«ምንም አላለም።»

«ኋላም?»

«ኋላም። አድጎ ሥራ ይይዛል። ከዚያ ጸሐፊው አያነሳውም።»

«ይሄ ትልቅ ስህተት ነው» አለች እህቷ። ከዚያ ትንሽ ቆይታ፣ «ገጹን የደበቅሽብኝ ስለ እማዬ ነው?»

ጠራዧ የገጹን ጠርዝ በጣቷ ደጋግማ ዳበሰች። እህቷ የወረቀቱን ኮሽታ ሰማች።

«እማዬ እንዲህ አላደረገችም እኮ። ጠይቃለች።»

«ማንን?»

«እኔን። አንቺ እንቅልፍ ወስዶሻል። ‹አንዳችሁ እጅ ልትሆኑኝ ነው፤ ምን ይሻላል ልጄ?› አለችኝ። አፏን ሳትዘጋ ‹እኔ› አልኳት።»

«ለእኔ ብለሽ።»

«ውይ ሚጣዬ! ለአንቺ ብዬ ቢሆን ምንኛ በኮራሁ!» ብላ እህቷ ሳቀች። «የሒሳብ አስተማሪውን አላወቅሽውም፤ አንቺ ሳትደርሺ ተዛውሯል። ማስመሪያውን በጠርዙ ነበር የሚያሳርፈው። እኔ ደግሞ ማባዛት ከጭንቅላቴ ጋር ተጣልቶ ነበር። ከትምህርት ቤት ስንመለስ የሴትዮዋ ስፌት ቤት ጋ ቆሜ መኪናዋ ስትሮጥ እሰማ ነበር። እማዬ ስትጠይቀኝ የእስር ቤት በር የተከፈተልኝ ነው የመሰለኝ። እሷ አለቀሰች፤ እኔ በደስታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።»

ጠራዧ መጽሐፉን ጭኗ ላይ ዘጋችው። አርባ ስምንት ዓመት ተሸክማው የኖረችው ነገር እንዲህ በሳቅ መሃል ወረደ። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ግን መጀመሪያ የመጣባት ንዴት ነው።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጠይቀሽኛል?»

እውነቷን ነው፤ አልጠየቀችም።

«እንዳትሳሳቺ ደግሞ» አለች እህቷ፤ አሁን ሳቁ ከድምጿ ወጥቷል። «ሁለት ዓመት ደስ ብሎኝ ሠራሁ። በሦስተኛው ዓመት የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ትዕዛዝ መጣ። ሃምሳ ቀሚስ ሰፋሁ። የክፍል ጓደኞቼ ሊለኩ መጡ። እየለካኋቸው ስለማላውቀው ነገር ያወራሉ፤ ስለ አጥንት፣ ስለ ከዋክብት፣ ስለ ሩቅ አገር። የዚያን ቀን ጓሮ ሄጄ አለቀስኩ። ይሄም አለ። ያኛው ውሸት ነው፣ ይሄኛው እውነት ነው አልልሽም። ሁለቱም ደርሶብኛል።»

«እንግዲያው ተቀይመሽኛል።»

«በአንድ ነገር።»

«በምን?»

«ከትምህርት ቤት ስትመጪ ደብተርሽን እንደ ሌባ ዕቃ ፍራሽ ሥር ትደብቂው ነበር። እኔ ስገባ ማጥናት ታቆሚያለሽ። ‹ዛሬ ምን ተማራችሁ?› ስልሽ ‹ምንም› ትያለሽ። በየቀኑ ምንም! ቁጭ ብለሽ ብትነግሪኝ እኮ እኔም እየሰፋሁ በተማርኩ። ማስመሪያ የለ፣ አስተማሪ የለ፣ ከአንቺ አፍ እየሰማሁ። ይሄን ነው የከለከልሽኝ። እኔ ደግሞ፣ እህቴ ኮራችብኝ ብዬ፣ መጠየቅ ተውኩ።»

ጠራዧ አለቀሰች። እህቷ እንዳይከፋት ብላ ነበር የደበቀችው፤ ያንን ደብተር ፊቷ ላይ መግለጥ ቁስሏ ላይ ጨው መነስነስ መስሏት። ይህን ለማስረዳት ሞከረች፤ ቃሉ ተወሳሰበባት። እህቷ ግን ገብቷታል። እጇን ዘርግታ በአየር ላይ ስትፈልጋት፣ ጠራዧ ጎንበስ ብላ ፊቷን ሰጠቻት። እህቷ በአውራ ጣቷ እንባዋን ጠርጋ፣ «እንግዲህ አታልቅሺ። ሁለታችንም ጅሎች ነበርን። ይልቅ ስለ አጥንቱ ንገሪኝ» አለቻት።

«የቱ አጥንት?»

«ያ ልጆቹ ሲያወሩ የነበረው። በሰው እጅ ውስጥ ስንት አጥንት አለ?»

«ሃያ ሰባት» አለች ጠራዧ፤ እስካሁን አለመርሳቷ ራሷን ገረማት።

«ሃያ ሰባት!» እህቷ መዳፏን ጨብጣ ፈታችው። «ለዚህ ነዋ ሁሉም ተራ በተራ የሚያመኝ።»

መጽሐፉ በሦስት ሳምንት አለቀ። መጨረሻው ላይ ልጅቷ አድጋ ከእናቷ ጋር ትታረቃለች፤ ታላቅየዋ እርቁን «ቶሎ አደረገው፣ ማተሚያ ቤቱ አጣድፎታል» አለችና አልወደደችውም። ከንባቡ በኋላ ግን ሌላ ልማድ ተከተለ። ጠራዧ በየቀኑ ከትምህርት ቤት የምታስታውሰውን አንድ ነገር ትነግራታለች፤ ደም እንዴት እንደሚዞር፣ ጨረቃ ለምን እንደምትጎድል። የማታስታውሰውን ከቤተ መጻሕፍቱ አይታ ትመጣለች። በር ጠባቂው እትዬ ሙጫ ከምድር ቤት ወጥታ የሳይንስ መደርደሪያ ሥር ስትንጎራደድ ሲያይ፣ «እትዬ፣ በስተርጅና ፈተና አለብሽ እንዴ?» አላት። «አዎ፣ ፈታኟ ቤት አለች» አለችው።

በዚያው ሰሞን የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ፣ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላት ፈጣን ሴት፣ ለሥራ ምድር ቤት ወርዳ የአንባቢዎቹ ቃል የተገለበጠበትን ደብተር ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ አገኘችው። ቆማ ሁለት ገጽ አነበበች፤ ከዚያ ወንበር ሳበች። ጠራዧ ደንብ የተላለፈች መስሏት፣ «ከመጽሐፉ ላይ አጥፍቻቸዋለሁ፣ አንድም አልተውኩም» አለች።

«እትዬ፣ ይሄን እኮ ማንም የለውም» አለች ኃላፊዋ። «ስለ ቢጫው መጽሐፍ የአንባቢያን ውይይት አዘጋጅተን ምሁር ፍለጋ እየዞርን ነበር። ይሄን ብናነብላቸውስ?»

ጠራዧ ሁለት ቀን አስባበት ፈቀደች፤ ማን ምን እንዳለ አይታወቅም፣ ማንም አያፍርም።

በውይይቱ ቀን፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ አዳራሹ ሞላ። ጠራዧ እህቷን ክንዷን ይዛ አምጥታ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጠቻት፤ እሷ ራሷ ግን እንደ ልማዷ በሩ አጠገብ ቆመች። ኃላፊዋ ከደብተሩ እያነበበች ሄደች። ሰዉ መጀመሪያ ዝም ብሎ ሰማ፤ ቀጥሎ መሳቅ ጀመረ፤ ቀጥሎ ደግሞ ይነጋገር ያዘ። «ታሞ ነው! ገጽ 31ን በደንብ አንብብ!» የሚለው ሲነበብ፣ አንዲት ጡረታ የወጡ ነርስ ከመሃል ተነሱ።

«ያ የእኔ ጽሑፍ ነው» አሉ። «የሕዝብ መጽሐፍ ላይ በመጻፌ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ነገር ግን ዛሬም እላለሁ፣ አባትየው ታሞ ነው! ሳሉ ሳንባ ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ ገጽ መቶ አሥራ ሁለት መጣና ሳቁ ጠፋ። ኃላፊዋ አንዱን ቃል ከሌላው ለየት እያደረገች ቀስ ብላ አነበበች። አንድ ሽበታም አስተማሪ ተነስተው እናትየዋ አድልታለች፣ ምንም ምክንያት አያድናትም ብለው አምርረው ተናገሩ። አንድ የአውቶቡስ ሹፌር «ለመፍረድ የሆዷን ማወቅ ይፈልጋል ጋሼ» አላቸው። እንዲህ እንዲህ ሲባባሉ ታላቅየዋ እህት እጇን አነሳች። ማየት እንደማትችል የገባው አጠገቧ የተቀመጠ ሰው ድምፅ ማጉያውን እጇ ላይ አኖረላት።

«እኔ የማነብ ሰው አይደለሁም፤ ተነቦልኝ ነው የመጣሁት» አለች። «እናትየዋን ተዉአት፤ ዕዳዋን ተሸክማ ኖራለች። ልጅቷም ብትሆን ሁሉም አልቅሶላታል። እኔ የምጠይቀው ስለ ወንድምየው ነው። ይሄ ሁሉ ሰው ጽፎ እንዴት ስለሱ አንድ ሰው አይጽፍም? ያ የተተኮሰውን ዩኒፎርም ለብሶ የሄደው ልጅ በየቀኑ ቤቱ ሲመለስ ምን ያደርግ ነበር?»

ኃላፊዋ ደብተሩን ገለጥ ገለጥ አድርጋ «ምንም የለም፣ እውነትዎን ነው» አለች።

«ደብተሩን ይደብቅ ነበር።»

ሰዉ ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። ጠራዧ እዚያ ቆማለች፣ ፊቷ ቀልቷል። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ በዚያ አዳራሽ ስትናገር የሰማት ሰው አልነበረም። ነገር ግን አንዴ ጀምራዋለች።

«እህቱ እንዳታየው» አለች። «የተማረውን ነገር እያነበበ እንዳታየው። የሚያስከፋት መስሎት። እሷ ግን እንዲነግራት ነበር የምትፈልገው። እሱ ይሄን አላወቀም፤ ጸሐፊውም አላወቀም። ይኸው ነው።»

ይህን ብላ ወደ ደረጃው ልትሸሽ ስትል፣ ያ አምርረው የተናገሩት ሽበታም አስተማሪ መንገድ ላይ ደረሱባት። ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘዋል። «እኔ» አሏት ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አራት እህቶች ነበሩኝ። የተማርኩት እኔ ብቻ ነኝ።» አብረው ትንሽ ቆሙ፤ ከዚያ «ሁለቱ በሕይወት አሉ፤ ቅርብ ናቸው» አሉና ኮፍያቸውን ደፍተው ወጡ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ቀላል ነው። በሚቀጥለው ወር የታላቅየዋ ተራ ደረሰና ሞራው ተገፈፈ። ፋሻው በተነሳ ጊዜ መጀመሪያ ያየችው እህቷን ነው። ትኩር ብላ አየቻትና፣ «ሚጣዬ፣ አርጅተሻል! ማን ፈቀደልሽ?» አለች። የሐኪም ቤቱ ነርስ ሳቋን መያዝ አቃታት። ቤት ሲደርሱ ደግሞ አቧራውን አየችና አንድ ሰዓት ሙሉ ተቆጣች።

ኃላፊዋ ደንቡን አልለወጠችም፤ የሕዝብ መጽሐፍ ላይ አይጻፍም። ነገር ግን በቢጫው መጽሐፍ መደርደሪያ አጠገብ እርሳስ የታሰረበት ክፍት መዝገብ አስቀመጠች። ውይይቱም በየወሩ ቅዳሜ ይካሄዳል። ታላቅየዋ አንድም ቀን ቀርታ አታውቅም፤ ጸሐፊዎችን ስለ ልብስ አያያዛቸው መተቸቷን ቀጥላለች፣ ጡረታ የወጡት ነርስ ደግሞ ስለ በሽታ አገላለጻቸው።

ጠራዧ ከሦስት ዓመት በኋላ ጡረታ ወጣች። አሁን ሁለቱም በመነጽር ማንበብ ይችላሉ። ታላቅየዋ ግን በጣቷ ከመስመር መስመር እየተከተለች ስለሆነ ቀስ ትላለች፤ አንድ ገጽ ለመጨረስ ሻይ ይቀዘቅዛል። ባለፈው ሳምንት ስለ ባሕር የሚተርክ ወፍራም መጽሐፍ ጀምረዋል። ታላቅየዋ ገጽ ስድስት ላይ ደርሳ መጽሐፉን አስቀመጠችና፣ «ይሄ ሰውዬ ሸራ በምን መርፌ እንደሚሰፋ ያውቃል፤ ይሄንን እንጨርሰዋለን» አለች።